ከሠራዊት ወደ ግል እጅ የሚገቡ የጦር ካሚዮኖች፤ አጠባበቃቸውና ማሻሻያቸው

የአንድ አገር ጦር ሠራዊት ካሚዮኖቹን በአዲስ በሚተካበት ጊዜ አሮጌዎቹ በጨረታ ይወጣሉ፤ ከዚያም በገበሬ፣ በእንጨት ነጋዴ፣ በሥራ ተቋራጭና በልዩ ልዩ ባለሀብቶች እጅ ይገባሉ። ዋጋቸው ከአዲስ የጭነት መኪና ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅ ያለ ስለሆነ ገዥ አያጡም። ይሁን እንጂ በጨረታው ቀን የሚከፈለው ገንዘብ የመኪናው ሙሉ ዋጋ አይደለም። የጦር ካሚዮን ንድፉ ሲወጣ ከጀርባው መካኒኮች፣ የመለዋወጫ መጋዘኖችና በጊዜው የሚፈጸም የጥገና ደንብ ያሉት ሠራዊት መኖሩ ታስቦ ነው። ካሚዮኑ ወደ አንድ ሰው ንብረትነት በተዛወረ ጊዜ ይህ ሁሉ ድጋፍ ወደ ኋላ ይቀራል። አዲሱ ባለቤት ይህን ድጋፍ የሚተካበትን መንገድ አስቀድሞ ካላዘጋጀ በርካሽ የገዛው ዕቃ ገንዘቡን፣ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት የሚያስከፍለው ይሆናል።

ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ኤም 35 የተባለው የአሜሪካ ጦር ካሚዮን ነው። በዓለም ላይ በግል እጅ ከሚገኙት የጦር ካሚዮኖች መካከል እጅግ ከታወቁት አንዱ ስለሆነ ጥቅሙም ጉድለቱም በደንብ የተመረመረ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የካሚዮኑ ታሪክ ባጭሩ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ከ1941 እስከ 1945 ድረስ ሲ.ሲ.ኬ.ደብልዩ. የተባለውን በስድስቱም መንኰራኩር የሚነዳ ካሚዮን ሠርቶ ለአሜሪካ ጦር አቀረበ። የተሠራው ብዛት ከ500,000 ይበልጥ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1944 ከጦርነት የሚተርፈው ንብረት የሚሸጥበትን ሕግ ስላወጣ ጦርነቱ ሲያበቃ ከእነዚህ ካሚዮኖች እጅግ ብዙዎቹ ለግል ሥራ ዋሉ። እንጨት ጎተቱ፣ ለነዳጅ ጉድጓድ ሥራ ዕቃ አጓጓዙ፣ እርሻ ላይ ሠሩ።

ኤም 35 የዚህ ካሚዮን ተተኪ ነው። በ1950 ገደማ በሚቺጋን ክፍለ አገር በላንሲንግ ከተማ የሚገኘው የሪኦ ፋብሪካ መሥራት ጀመረ፤ በኋላም ካይዘር ጂፕና ኤ.ኤም. ጄኔራል የተባሉት ኩባንያዎች ሥራውን ቀጠሉ። ጦሩ የሚጠራበት የጭነት መጠን ሁለት ተኩል ቶን ነው። ይህ ልክ ግን መንገድ በሌለበት ሜዳ የሚጫነው ሲሆን በአሜሪካ አቆጣጠር 5,000 ፓውንድ ወይም ወደ 2,270 ኪሎ ግራም ይሆናል። በጥሩ መንገድ ላይ እጥፉን እንዲጭን ተፈቅዶለታል። ባዶ ክብደቱ ወደ 5,900 ኪሎ ግራም፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአሜሪካ ጦር ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአዲስ ዓይነት ካሚዮኖች ስለተካው ብዙ ኤም 35 ለጨረታ ቀረበ።

የኢትዮጵያ ነጋዴም የዚህን ካሚዮን አምሳያ በሌላ ስም ያውቀዋል። ኦራል እየተባለ የሚጠራው የሶቪየት ኅብረት ካሚዮን ከ1961 ጀምሮ በሚያስ ከተማ የተሠራ ሲሆን እንደ ኤም 35 በስድስቱም መንኰራኩር የሚነዳ የጦር መኪና ነው። አሠራራቸው የተለያየ ቢሆንም ለባለቤቱ የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ነው።

ሠራዊቱ የነበረው፤ ባለቤቱ የሌለው

በጦር ሠራዊት ውስጥ የአንድ ካሚዮን ጥገና በአንድ ሰው ላይ አይጣልም። ሾፌሩ ከመንዳቱ በፊት፣ በመንዳት ላይ ሳለና ከመንዳቱ በኋላ የሚመረምረው የታዘዘ ዝርዝር አለው። የክፍሉ መካኒክ በየጊዜው ቅባት ያጠጣል፣ ፊልትሮ ይለውጣል፣ ፍሬን ያስተካክላል። ሞተርና ካምቢዮ አውርዶ የሚፈታው ደግሞ ሌላ ከፍ ያለ ክፍል ነው። የአሜሪካ ጦር ለኤም 35 ኤ 2 ያወጣው ቲ.ኤም. 9-2320-361 የተባለው የመመሪያ መጽሐፍም በዚሁ ሥርዓት ተከፋፍሎ አንዱ ለሾፌር፣ አንዱ ለክፍሉ መካኒክ፣ አንዱ ለከፍተኛው ጋራዥ ተጽፏል።

የግል ባለቤት ሦስቱንም ሰዎች መሆን ወይም ሦስቱንም መቅጠር አለበት። ስለዚህ ከካሚዮኑ ጋር አብሮ መገዛት ያለበት የመጀመሪያው ዕቃ መለዋወጫ ሳይሆን ይህ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በመንግሥት የወጣ ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል፤ እያንዳንዱ ብሎን በምን ያህል ኃይል እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ዘይት የት እንደሚገባና ምን ያህል ጊዜ እንደሚለወጥ ያስረዳል።

ባለሱቆችንና የመለዋወጫ ነጋዴዎችን ይበልጥ የሚጠቅም ሌላ ነገርም አለ። ለአሜሪካ ጦር የሚገባ መለዋወጫ ሁሉ ባለ 13 አኃዝ የዕቃ ቁጥር ይዟል። የመጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች የዕቃውን ወገን ያመለክታሉ፤ ለምሳሌ 2530 የፍሬን፣ የመሪና የአክስል ዕቃ፣ 2610 የመኪና ጎማና ካላማዳሪ፣ 2910 የሞተር ነዳጅ መስመር ዕቃ፣ 3110 ኩሽኔታ ነው። ይህን ቁጥር የሚያነብ ነጋዴ ብዙ ጊዜ ያው ዕቃ በፋብሪካው የንግድ ቁጥር ለተራ የጭነት መኪና እንደሚሸጥ ይደርስበታል። የጦር ዕቃ ነው ተብሎ በውድ የሚፈለገው ኩሽኔታ በገበያው መደርደሪያ ላይ በሌላ ስም ተቀምጦ ይገኝ ይሆናል። በአንጻሩ ደግሞ ለጦሩ ብቻ የተሠራና ዛሬ ማንም ፋብሪካ የማይሠራው ዕቃ አለ፤ ይህን የሚያውቅ ባለቤት ዕቃው ሳይሰበር ተጠባባቂ ገዝቶ ያስቀምጣል።

ፍሬን ከሞተር ይቀድማል

አዲስ ባለቤት ብዙውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በሞተሩ ላይ ነው፤ ሞተሩ ከተነሣ መኪናው ደኅና መስሎ ይታየዋል። የኤም 35 ትልቁ አደጋ ግን ያለው በፍሬኑ ነው።

የኤም 35 ኤ 2 ፍሬን በዘይት የሚሠራና በአየር ግፊት የሚታገዝ ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ዘይቱን ወደ አየር አጋዡ ይገፋል፤ አጋዡም በታመቀ አየር ኃይሉን አበርትቶ ወደ ስድስቱ መንኰራኩሮች ያደርሰዋል። ነገር ግን በአብዛኞቹ ካሚዮኖች ላይ ዘይቱ የሚሄድበት መስመር አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንዱ መንኰራኩር ላይ ያለው የጎማ ቱቦ ቢፈነዳ ወይም አንዱ የብረት ቱቦ በዝገት ቢበሳ ዘይቱ ሁሉ በዚያ ይፈስሳል፤ የስድስቱም መንኰራኩር ፍሬን በአንድ ጊዜ ይጠፋል። በዛሬ መኪኖች ላይ መስመሩ በሁለት ስለሚከፈል አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆማል። የኤም 35 ሾፌር ግን የሚቀረው የእጅ ፍሬን ነው፤ እርሱም መንኰራኩሮቹን ራሳቸውን ሳይሆን ከኃይል አከፋፋዩ ካምቢዮ በስተኋላ ያለውን ዘንግ የሚይዝ በመሆኑ የቆመ መኪና ለመያዝ እንጂ ቁልቁለት ላይ የሚወርድ የተጫነ ካሚዮን ለማቆም የታሰበ አይደለም።

ከዚህ የተነሣ አስተዋይ ባለቤት ካሚዮኑን ሥራ ላይ ከማዋሉ በፊት የፍሬኑን የጎማ ቱቦዎች በሙሉ በአዲስ ይለውጣል። ቱቦው ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጡ ሊያረጅ ስለሚችል በመልኩ ሳይሆን በዕድሜው ይፈረድበታል። የብረት ቱቦዎቹንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመረምራል። ታምቡሮቹን አውርዶ የዘይት መከላከያው ማለት ፓራኦሊዮው ማንጠብ አለማንጠቡን ያያል፤ ከአክስሉ የሚያመልጠው ወፍራም ዘይት በፍሬን ሸራ ላይ ከፈሰሰ ሸራው መያዙን ያቆማልና። ዋናው የፍሬን ፖምፓ ከሾፌሩ ወለል በታች ተደብቆ የሚገኝ በመሆኑ ዘይቱ መጉደሉን ብዙ ሰው አያይም፤ ስለዚህ የምርመራው ቀን በመዝገብ መጻፍ አለበት። ከአየር ጋኖቹ ውስጥ የሚጠራቀመውም ውኃ በየቀኑ ይውጣ።

ስለ ፍሬን ዘይቱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ጦር በ1980ዎቹ ከጥንቱ የፍሬን ዘይት ወደ ሲሊኮን ዘይት ተዛውሯል። ሁለቱ ዓይነቶች እንዲደባለቁ የተሠሩ አይደሉም። በመኪናው ውስጥ የትኛው እንዳለ ያላወቀ ባለቤት በላዩ ከሚጨምር ሁሉንም አፍስሶ፣ መስመሩን አጥቦ፣ በአንድ ዓይነት ቢሞላ ይሻለዋል።

ብዙ ባለቤቶች ከዚህ አልፈው ዋናውን ፖምፓ ባለ ሁለት ክፍል በሆነ ፖምፓ ይለውጡና የፊቱን መስመር ከኋላው ይለያሉ። ለዚህ ካሚዮን ከሚደረጉት ማሻሻያዎች ሁሉ አንደኛውን ስፍራ ሊይዝ የሚገባው ይህ ነው።

ጎማና ቸርኬ

በጨረታ የሚወጣ ካሚዮን ብዙ ጊዜ ለዓመታት ፀሐይ ላይ የቆመ ነው። የጎማው ጥርስ አዲስ ሊመስል ይችላል፤ የላስቲኩ ዕድሜ ግን በጎኑ ላይ ከታተመው ቁጥር ይታወቃል። ከ2000 ወዲህ በተሠሩት ላይ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ያሳያሉ፤ 3512 ተብሎ የተጻፈ ጎማ በ2012 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ያለው ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ ለከባድ ጭነት የሚታመን አይደለም።

ቸርኬውም አደገኛ ነው። የኤም 35 ቸርኬ ጎማውን በጠርዝ ቀለበት የሚይዝ ዓይነት ነው። ቀለበቱ በስፍራው በትክክል ሳይገባ ጎማው ቢነፋ አየሩ ቀለበቱን እንደ ጥይት ሊያስፈነጥረውና በአጠገቡ የቆመውን ጎሚስታ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ጎማው በብረት ዘንጎች በተሠራ አጥር ውስጥ ሆኖ ከሩቅ በረጅም ቱቦ መነፋት አለበት። የዛገ ወይም የተጣመመ ቀለበት በመዶሻ ተመትቶ ወደ ሥራ አይመለስም፤ ይጣላል።

ሞተሩና ነዳጁ

የኤም 35 ኤ 2 ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሆኖ ይዘቱ 7.8 ሊትር ነው። ልዩ የሚያደርገው ብዙ ዓይነት ነዳጅ መቀበሉ ነው። ናፍጣ፣ ላምባና የጄት ነዳጅ ያቃጥላል፤ ሲቸግርም በቤንዚን ይሠራል። ይህ ለጦር ሜዳ የታሰበ ችሎታ ነው። አንዳንድ ባለቤቶች ከዚህ ተነሥተው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከናፍጣ ጋር እየቀላቀሉ ይነዱበታል። ዘይቱ በጥሩ ካልተጣራ ግን በውስጡ ያለው የብረት ብናኝና ውኃ የነዳጅ ፖምፓውን ይበላዋል፤ በነዳጅ የተረፈው ገንዘብ በፖምፓ ጥገና ይሄዳል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ሌላው ነገር ቱርቦው ነው። በዚህ ሞተር ላይ ቱርቦ የተጨመረው በዋነኛነት ኃይል ለመጨመር ሳይሆን ጥቁር ጭሱን ለመቀነስ ነው። ስለዚህ ቱርቦ ስላየ ብቻ ፖምፓውን ከፍቶ ነዳጅ የሚያበዛ ባለቤት ሞተሩ ያልተዘጋጀበትን ሙቀት ይጭንበታል። በቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ፒስተኑም ሊጎዳ ይችላል። ነዳጁን ለማብዛት የቆረጠ ሰው ቢያንስ የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ አስቀድሞ ያስገጥም።

ሞተሩ ከ2,600 ዙር በላይ እንዳይሄድ መቆጣጠሪያ ተደርጎለታል። መቆጣጠሪያው ነዳጅ ይቀንሳል እንጂ ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ሞተሩን ሲገፋው ሊያቆመው አይችልም። በዝቅተኛ ማርሽ በፍጥነት የሚወርድ ካሚዮን ቢየላውን ሰብሮ የሞተሩን አካል ሊበሳ ይችላል። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ፍጥነት ቀንሶ ትክክለኛውን ማርሽ መያዝ ከማናቸውም ጥገና የሚረክስ ጥንቃቄ ነው።

ኤሌክትሪኩ

የካሚዮኑ ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ነው፤ ይህም የሚገኘው ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው ነው። ሬዲዮ ወይም ተጨማሪ መብራት ለማስገባት የፈለገ ባለቤት ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ይስባል። ሥራው ለጊዜው ይሳካል፤ ነገር ግን አንዱ ባትሪ ይራባል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ተገቢው መንገድ ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚለውጥ መሣሪያ መግጠም ነው። ካሚዮኑ ያለ ቁልፍ በማዞሪያና በመጫኛ የሚነሣ በመሆኑም የባትሪ ማቋረጫ ከነቁልፉ ቢገጠምለት ከሌባም ከእሳትም ይጠብቀዋል።

ማሻሻል ሸክምን ማዛወር ነው

በዚህ ካሚዮን ላይ የሚደረግ ማሻሻያ ሁሉ አንዱን ክፍል አቅልሎ ሸክሙን ወደ ሌላው ያዛውራል። ሰፋ ያለ ጎማ የማስገባቱ ነገር ይህን በግልጽ ያሳያል። የመጀመሪያው 9.00-20 ጎማ ከዳር እስከ ዳር ወደ 40 ኢንች ሲሆን ብዙዎች የሚመርጡት 11.00-20 ወደ 43 ኢንች ይሆናል። ሞተሩ በአንድ ዓይነት ዙር ሲሠራ መኪናው ከመቶ ሰባት ያህል ይፈጥናል። ነገር ግን በዚያው ልክ የመጎተት ኃይሉ ይቀንሳል፤ ፍሬኑም በመንገዱ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል በዚያው መጠን ይደክማል። ፍጥነት ጨምሮ ፍሬን ማድከም ማለት ይህ ነው። ደግሞም በኋላ በኩል ስምንቱን ጎማ አውጥቶ አራት ትልልቅ ጎማ ያስገባ ሰው የአራቱን የመሸከም ልክ ደምሮ ከቀድሞው ጋር ካላስተያየ የሚፈቀደው ጭነት መቀነሱን አያውቅም።

ሌላው የተለመደ ማሻሻያ ከሁለቱ የኋላ አክስሎች አንዱን አውጥቶ ሻንሲውን ማሳጠር ነው። ካሚዮኑ ይቀላል፣ በጠባብ ስፍራ ይዞራል፤ ነገር ግን ከስድስቱ የፍሬን ታምቡሮች ሁለቱ አብረው ይወጣሉ፤ የመጫን ችሎታውም ይቀንሳል። መሪው ያለ ኃይል አጋዥ እጅግ ከባድ ስለሆነ አጋዥ መግጠም ለሾፌሩ ጤና ይጠቅማል፤ ሆኖም አጋዡ የሚጨምረውን ኃይል የመሪው ዘንግና መያዣዎቹ መቻላቸው መታየት አለበት።

ጥሩ ማሻሻያ ከካሚዮኑ ተፈጥሮ ጋር የሚስማማው ነው። በአሜሪካ ገጠር ብዙ የእሳት አደጋ መከላከያ ማኅበራት ኤም 35ን የውኃ ጋንና ፖምፓ ጭነውበት የሣርና የጫካ እሳት ለማጥፋት አገልግለውበታል። ሥራው ዘገምተኛ ጉዞ፣ መጥፎ መንገድና አጭር ርቀት ስለሆነ ካሚዮኑ ከተሠራለት ዓላማ ብዙ አልራቀም። በዚያም ቢሆን አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ሊረሳ አይገባም፤ ከሜዳ ልኩ የሚበልጥ ጋን የጫነ መኪና እሳቱ ጋ ሳይደርስ ይገለበጣል።

የሞተር ለውጥን በተመለከተ የኦራል ታሪክ ያስተምራል። የመጀመሪያው ኦራል 375 ባለ 180 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር ነበረው፤ ነዳጅም እጅግ ይበላ ነበር። ከ1977 ጀምሮ ፋብሪካው ራሱ ኦራል 4320 የተባለውን የናፍጣ ሞተር ያለውን አወጣ። የቤንዚኑን ካሚዮን ይዞ ሞተሩን ወደ ናፍጣ ለመለወጥ የሚያስብ ባለቤት የሞተሩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የፍሪሲዮኑን፣ የመያዣዎቹን፣ የራዲያተሩንና የክብደቱን ልዩነት አብሮ ያስላ።

ወረቀቱና ንግዱ

በአሜሪካ መንግሥት ጨረታ የሚገዛ ካሚዮን ሁሉ በመንገድ ላይ ለመነዳት የሚያበቃ ወረቀት ይዞ አይወጣም። ለባለቤትነት ማስረጃ መሠረት የሚሆነው ኤስ.ኤፍ. 97 የተባለው ቅጽ ነው፤ አንዳንድ መኪናዎች ከመንገድ ውጭ ብቻ እንዲያገለግሉ ተብለው ይሸጣሉ። በታኅሣሥ ወር 2014 ሃምቪ የተባሉት የጦር መኪናዎች ለሕዝብ መሸጥ ሲጀምሩ በዚህ ሁኔታ ነበር። ገዥውም ዕቃውን ለምን ሥራ እንደሚያውለውና ወደ የት እንደሚወስደው በፊርማው እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል፤ ዕቃውን ከአገር ማስወጣት ተጨማሪ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አስመጪ ነጋዴ በጨረታው ላይ እጁን ከማውጣቱ በፊት ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ይያዝ። የመጀመሪያው፤ ሻጩ አገር ዕቃው እንዲወጣ መፍቀዱ። ሁለተኛው፤ የራሱ አገር ጉምሩክና የትራንስፖርት ባለሥልጣን ይህን ዓይነትና ይህን ያህል ዕድሜ ያለውን መኪና አስገብቶ ሊብሬና ታርጋ መስጠታቸው፣ የሚከፈለውም የቀረጥና የኤክሳይስ ልክ። ሦስተኛው፤ በመኪናው ሰሌዳና ሻንሲ ላይ የተቀረጸው ቁጥር በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ጋር መስማማቱ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ካሚዮኑ በወደብ ቆሞ የመጋዘን ኪራይ ይበላል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፤ በዚህ ንግድ የሚከስረው አብዛኛውን ጊዜ ቅደም ተከተሉን ያፋለሰ ሰው ነው። ወረቀቱ በመጀመሪያ፣ ከዚያ መጽሐፉ፣ ከዚያ ፍሬኑ፣ ከዚያ ጎማውና ቸርኬው፣ ከዚያ ዘይቱ፣ ፊልትሮውና ኤሌክትሪኩ ይከተላሉ፤ ኃይል መጨመርና መልክ ማሳመር የመጨረሻዎቹ ናቸው። ሒሳቡንም በዚሁ ተራ የሚያስቀምጥ ገዥ የጨረታውን ዋጋ በአንድ መስመር፣ ካሚዮኑን ለሥራ የሚያበቃውን ወጪ በሌላ መስመር ጽፎ ሁለቱን ይደምራል። ድምሩ ለሥራው ከሚስማማ ተራ የጭነት መኪና ዋጋ በታች ከሆነ ካሚዮኑን ይግዛ፤ በላይ ከሆነ ግን ጨረታውን ለሌላ ቢተው ለገንዘቡም ለሾፌሩም ደኅንነት ይሻለዋል።